እናቴ 60 ዓመት ሊሞላት ነው፤ በራሷ ስም ጡረታ ታገኛለች?

የቂርቆሷ

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

እናቴ 58 ዓመቷ ነው። በወጣትነቷ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት በጽዳት ስድስት ዓመት ሠርታለች። እኔና ወንድሜ ተከታትለን ስንወለድ ሥራውን ተወችው። የሚይዘን ሰው አልነበረም። ሠራተኛ ልቅጠር ብትል ደሞዟ አይበቃም። ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ቤት ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች አስረክባለች። አያቴ አልጋ ላይ ስትውልም ያስታመመቻት እሷ ናት። አሁን በአንድ የጽዳት ኤጀንሲ በኩል ቢሮ ታጸዳለች። እዚያ አምስት ዓመት ሆኗታል።

አባቴ 36 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግሎ ጡረታ ወጥቷል። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ግን ወር በመጣ ቁጥር በስሙ ይገባል። በቀደም እማዬ "እኔስ 60 ሲሞላኝ ስንት ይሰጡኛል?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄዬ ይኸው። የድሮው ስድስት ዓመት ከአሁኑ ጋር ይደመራል? ኤጀንሲው ከደሞዟ የሚቆርጠውን ጡረታ ገቢ ማድረጉን በምን እናውቃለን? ሦስተኛው ከጥያቄ ይልቅ ብሶት ነው። ሃያ ዓመት ጭስ ውስጥ ቆማ ያሳደገችን ሴት ያ ሁሉ ዘመኗ እንዴት እንዳልሠራች ይቆጠራል?

ሒሳብ ሹም

እህቴ፣ የግል ድርጅት ውስጥ ደሞዝ የምሠራ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ጡረታ በየወሩ ለማግኘት 60 ዓመት መሙላትና ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። 10 ዓመት ያልሞላ ሰው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ይሰጠዋል፤ በዚያው ያበቃል። ስለዚህ የእናትሽ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኤጀንሲው ብቻ ከተያዘላት 60 ሲሞላት 7 ዓመት ነው፤ ዳረጎት ብቻ። የትምህርት ቤቱ ስድስት ዓመት ከተያያዘላት ግን 13 ይሆናል። ያኔ እስከ ዕድሜ ልክ ጡረታ ታገኛለች ማለት ነው።

በመንግሥትና በግል ድርጅት የተሰጠ አገልግሎት ይያያዛል። ችግሩ ማስረጃ ነው። የቅጥር ደብዳቤ፣ መልቀቂያ፣ የደሞዝ መክፈያ ሰነድ፣ ስትቀጠር የሞላችው የሕይወት ታሪክ ቅጽ። ከነዚህ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቡ። ትምህርት ቤቱ "የለንም" ቢላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የድሮ ፋይል ብዙ ጊዜ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ይሄዳል።

የግል ድርጅት ጡረታ የተጀመረው በ2003 በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ሠራተኛዋ 7 በመቶ፣ ቀጣሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። አንድ ነገር ልብ በይ። መዋጮው የሚሰላው በመደበኛ ደሞዝ ላይ እንጂ በአበል ላይ አይደለም። አንዳንድ ቀጣሪ መደበኛውን ደሞዝ ዝቅ አድርጎ ቀሪውን "የትራንስፖርት"፣ "የቤት" እያለ ይከፍላል። ዛሬ እጅ ላይ የሚደርሰው ያው ነው። በእርጅና ጊዜ ግን የሚታሰበው ያቺ ትንሿ ቁጥር ናት። የእናትሽን የደሞዝ ወረቀት አይተሽ መደበኛው ስንት እንደሆነ ንገሪኝ።

የመርካቶ ልጅ

ሁላችሁንም አከብራለሁ። ግን አንድ ነገር ልበል። የጡረታ ሕጉ ወንድ ሴት አይልም። የመውጫ ዕድሜው ለሁለቱም 60 ነው። መዋጮውም፣ ስሌቱም አንድ ነው። የሠራ ያገኛል፣ ያልሠራ አያገኝም። እናትሽን አክብሬ ነው የምናገረው፤ ግን ይሄ የፆታ ጉዳይ ነው ብዬ አላምንም። እንጀራ የጋገረ ወንድም ቢሆን ያው ነበር።

ነርስ ከደሴ

ወንድሜ፣ ሕጉ ወንድ ሴት እንደማይል ልክ ነህ። እኔም ለብዙ ዓመት እንዳንተ ነበር የማስበው። ግን በወረቀት እናስላው።

ሁለት ነርሶች በአንድ ዓመት ተመርቀው በአንድ ሆስፒታል ተቀጠሩ እንበል። ተጋቡ። ሦስት ልጅ ወለዱ። የወሊድ ፈቃዷ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያስ? የሦስት ወር ሕፃን ለማን ትሰጣለች? አንደኛው ሰው ቤት ይቀራል። በኛ አገር ያ ሰው ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ሴትየዋ 15 ዓመት ከሥራ ራቀች። ልጆቹ ሲጠነክሩ ተመለሰች።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት የአማካይ ደሞዝ 30 በመቶ፤ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። አማካዩ የሚወሰደው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደሞዝ ነው። ባልየው 35 ዓመት አገለገለ፤ 61.25 በመቶ። ሚስትየዋ 20 ዓመት፤ 42.5 በመቶ። እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እሱ ሳያቋርጥ በመሥራቱ በደረጃ አድጓል። መጨረሻ ላይ ደሞዙ 12,000 ብር፣ የሷ 8,500 ብር ነው እንበል። የሱ ጡረታ 7,350 ብር ይሆናል። የሷ 3,612 ብር ከ50 ሳንቲም። ከግማሽ በታች! ሁለቱም ነርስ ናቸው። ልጆቹም የሁለቱም ናቸው።

ይሄ እንግዲህ ወደ ሥራ መመለስ ለቻለችው ነው። ያልተመለሰችውን አስባት። ሕጉ የሚቆጥረው ደሞዝ የተከፈለበትን ወር ብቻ ነው። ደሞዝ የማይከፈልበት ሥራ ደግሞ የተጫነው ሴቷ ላይ ነው። እሱ 35 ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የሠራው ቤቱን የያዘችለት ሰው ስላለች ነው። የሷ ድካም በሱ ጡረታ ውስጥ አለ። ስሟ ግን የለም።

ዳኝነት

እትዬ ነርስ ከደሴ፣ አንጀቴን አራሱት። እኔ ጠበቃ ነኝ። ባል የሞተባቸውና የተፋቱ እናቶች ጉዳይ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል።

ጡረተኛው ሲሞት ሚስት በተተኪነት የምታገኘው የጡረታውን 50 በመቶ ነው። በእርስዎ ምሳሌ 3,675 ብር መሆኑ ነው። የቤት ኪራይ ግን በግማሽ አይቀንስም። የመድኃኒት ዋጋም እንደዚያው።

ፍቺ ደግሞ ሌላ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የጋራ ነው። ቤት ይካፈላሉ፣ መኪና ይካፈላሉ፣ ባንክ ያለ ብር ይካፈላሉ። የተተኪነት ጡረታ ግን ሰውየው ሲሞት በጋብቻ ላይ ላለችው ሚስት ነው። 30 ዓመት አብራው ኖራ በ59 ዓመቷ የተፋታች ሴት ተተኪ አይደለችም። ቀለብ የተወሰነለት ልጅ ካለ ከጡረታው ላይ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊቆረጥ ይችላል። ለእርጅናዋ የሚሆን ድርሻ ግን የላትም። እኔ በሙያዬ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ እንደዚህ የሚያሳዝነኝ የለም።

ሌላው የጋብቻ ማስረጃ ነው። በሃይማኖት ወይም በባህል የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ የጸና ነው። ነገር ግን ብዙ እናቶች ወረቀት የላቸውም። ባል ሲሞት ፍርድ ቤት ሄደው የሚስትነት ማረጋገጫ ለማውጣት ምስክር ማሰባሰብ ይጀምራሉ። ከሐዘን ቤት ተነስቶ ወደ ችሎት። አንዳንዴ የባል ዘመዶች ይቃወማሉ። ስለዚህ አባትና እናቶቻችሁ በሕይወት እያሉ ወረዳ ሄደው ጋብቻቸውን ያስመዝግቡ። የቂርቆሷ፣ አባትሽ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ የእናትሽ ስም በትክክል መጻፉንም አረጋግጪ። ቅጹ ላይ የቤት ስሟ፣ መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም ሆኖ ብዙ የተንገላቱ አሉ።

የመርካቶ ልጅ

እትዬ፣ ስሌቱን አየሁት። ስለ ልጆቹ ያሉት እውነት ነው። አሁንም ግን የሚያሳስበኝ አለ። ያልተዋጣ ገንዘብ ከየት ይከፈላል? የጡረታ ፈንዱ እኮ የሠራተኛው መዋጮ ነው። ላልተዋጣበት ዓመት ክፈሉ ከተባለ ማን ይሸፍናል?

ፍራንክፈርት

ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ያለሁበት አገር የመለሰበትን መንገድ ልንገራችሁ። ጀርመን ልጅ ያሳደገ ወላጅ፣ ብዙውን ጊዜ እናት፣ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለተወለደ ለእያንዳንዱ ልጅ የሦስት ዓመት የጡረታ ጊዜ ይያዝላታል። በአማካይ ደሞዝ ስትሠራ እንደቆየች ተቆጥሮ ማለት ነው። መዋጮውን የሚሸፍነው መንግሥት ከግብር ነው። የሌላውን ጡረተኛ ገንዘብ አይነካም።

እዚህ ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ አምስት ዓመት ያስፈልጋል። ሁለት ልጅ እዚህ ወልዳ ያሳደገች ሴት በልጆቹ ብቻ ስድስት ዓመት ይኖራታል። ይህን የማያውቁ ስንት ሐበሻ እናቶች አሉ! በራሱ አይመዘገብም፤ ፎርም ሞልቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። እዚህ ያላችሁ እህቶች እባካችሁ ጠይቁ።

ፍቺ ላይም ከ1977 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕግ አላቸው። ሲፋቱ በጋብቻው ዘመን ሁለቱም ያጠራቀሙት የጡረታ መብት ተደምሮ እኩል ይካፈላል። ዳኝነት ያነሳው ችግር ላይ መልስ አላቸው ማለት ነው። ይህን ስል እዚህ ሁሉም ነገር ተስተካክሏል እያልኩ አይደለም። የሴቶች ጡረታ እዚህም ከወንዶች በብዙ ያንሳል። ግማሽ ቀን ብቻ የሚሠሩት በአብዛኛው እናቶች ስለሆኑ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካም ልጨምር። እዚህ ሶሻል ሴኪውሪቲ የሚባለውን የመንግሥት ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት (በገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልጋል። በዓመት የሚገኘው ከአራት አይበልጥም፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። በ2025 (እ.ኤ.አ.) አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ነበር። ያን ያህል ከባድ አይደለም። ግን ገቢው መታወጅና ታክሱ መከፈል አለበት።

የኛ እናቶች እዚህ ምን ይሠራሉ? ልጅ ይጠብቃሉ፣ ጸጉር ይሠራሉ፣ ለምግብ ቤት እንጀራ ይጋግራሉ። ክፍያው በካሽ ነው። ያኔ ጥሩ ይመስላል። 65 ሲሞላ ግን መዝገቡ ባዶ ነው። ሜዲኬርም (የአረጋውያን የጤና መድን) ቢሆን የሆስፒታሉን ክፍል በነጻ ለማግኘት ያው 40 ክሬዲት ነው የሚጠየቀው። ስሌቱ ደግሞ የሚወስደው ከፍተኛውን የ35 ዓመት ገቢ ነው። ልጅ ያሳደገችባቸው ዓመታት ዜሮ ሆነው ይገባሉ።

ሚስት በባሏ መዝገብ እስከ ግማሽ ድረስ ልታገኝ ትችላለች። የተፋታችም ብትሆን ጋብቻው አሥር ዓመት ከሞላው፣ ዕድሜዋ 62 ከደረሰና ሌላ ካላገባች ትጠይቃለች። የሱ ክፍያ በዚህ ምክንያት አንድ ሳንቲም አይቀንስም። ብዙ እህቶች "የሱን ነገር አልፈልግም" እያሉ ይተዉታል። እህቶቼ፣ የሱ ገንዘብ አይደለም። ሕጉ የሰጣችሁ ነው። ውሰዱት።

ኩዌት የኖረች

ስለኛም ይነሳ። አሥራ አንድ ዓመት ኩዌት በሰው ቤት ሠራሁ። በየወሩ የላክሁት ገንዘብ ወንድሞቼን አስተምሯል፣ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አልብሷል። ጡረታ የሚባል ነገር ግን እዚያም የለኝም፣ እዚህም የለኝም።

የኩዌት ሕግ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ውሏ ሲያበቃ ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ እንዲሰጣት ያዛል። እኔ ይህን የሰማሁት አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። ስወጣ የአውሮፕላን ትኬትና የመጨረሻውን ወር ደሞዝ ብቻ ነው የሰጡኝ። አሁን ያላችሁ እህቶች ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። የሌለባችሁን ዕዳ ሳይሆን መብታችሁን ነው የምትጠይቁት።

ሌላው ምክሬ ይሄ ነው። የምትልኩትን ሁሉ ለቤተሰብ አትጨርሱት። በራሳችሁ ስም ባንክ አስቀምጡ። በወንድም ስም የተሠራ ቤት የወንድም ነው። ይሄን ስጽፍ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ሐዋሳ

አይዞሽ እህቴ። ከልብ አዝኛለሁ።

እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ሠርቻለሁ። ፓርኩ በ2008 ሲከፈት ጀምሮ አብዛኛው ሠራተኛ ወጣት ሴት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መነሻ ደሞዙ በወር ከ1,000 ብር በታች ነበር። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ አገራችን የላትም። ልጆቹ የቤት ኪራይ ሲከብዳቸው፣ ሲያገቡ ወይም ሲወልዱ ይወጣሉ። ጡረታ ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ተቆርጧል። ከነሱ ውስጥ 10 ዓመት የሚሞሉት ስንቶቹ ይሆኑ እያልኩ አስባለሁ። የምመክራቸው አንድ ነገር ነው። ስትወጡ የሥራ ልምድ ወረቀትና የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ሌላ ቦታ ስትቀጠሩ ያቺ ሁለት ዓመት ዋጋ ይኖራታል።

እናት ነኝ

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ልጅ ልበላት እንጂ አሁን 40 አልፏታል። አሥራ ሁለት ዓመት አብራኝ ኖራለች። እኔ መሥሪያ ቤት ሄጄ ጡረታዬን የማስቆጥረው እሷ ልጆቼን ስለያዘችልኝ ነው። እትዬ ነርስ ከደሴ ስለ ባልየው የጻፉትን ሳነብ እኔም ለሷ እንደዚያው መሆኔ ገባኝ። ጡረታ ላስይዝላት እችላለሁ?

ዳኝነት

እናት ነኝ፣ ስለጠየቅሽ አመሰግናለሁ። የቤት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) አትሸፈንም። ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ተብሎ ከአዋጁ ውጪ ተደርጓል። በግል ድርጅት ጡረታም "ድርጅት" ስላልሆንሽ እንደ ቀጣሪ አትመዘገቢም። የ2003ቱ አዋጅ መደበኛ ባልሆነ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው መታቀፍ እንደሚችሉ ደንግጎ ነበር። ሙሉውን 18 በመቶ ራሳቸው እየከፈሉ ነው። ለቤት ሠራተኞች ግን ያ በር በተግባር ሲሠራ አላየሁም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄደሽ በስሟ ጠይቂ፤ ጠያቂ ሲበዛ ነው ነገሩ የሚንቀሳቀሰው።

እስከዚያ እኔ ቤቴ ያደረግሁትን ልንገርሽ። ለምትሠራልን እህት በራሷ ስም የባንክ ደብተር አስከፈትን። ከደሞዟ ሳንቀንስ በየወሩ የደሞዟን 18 በመቶ እናስገባላታለን። ደብተሩ በእጇ ነው። የጡረታን ያህል አይሆንም፤ ዋጋ በናረ ቁጥር ገንዘቡ ይሟሟል። ግን ባዶ እጇን አትወጣም።

የመርካቶ ልጅ

እትዬ ነርስ ከደሴ፣ ፍራንክፈርት፣ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ እናቴን ቁጭ ብዬ ጠየቅኋት። 40 ዓመት ሱቅ ከአባቴ ጋር ሠርታለች። የንግድ ፈቃዱ በሱ ስም፣ የባንክ ሒሳቡ በሱ ስም ነው። አንድም ወረቀት ላይ የለችም። ከአባቴ ጋር ተነጋግረናል፤ ሰኞ ባንክ ሄደው ሒሳቡን የጋራ ያደርጉታል። ጋብቻቸውንም እናስመዘግባለን።

ነርስ ከደሴ

ተባረክ ልጄ። እናትህን ሳምልኝ።

የቂርቆሷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤቱ እንደተባለው "የለም" አለን። ትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ግን አንዲት ሴት አብራን ስትፈልግ ውላ የአራት ዓመት የደሞዝ መክፈያ አገኘችልን። የእማዬ ስም በእጅ ተጽፎ፣ ጡረታ የተቆረጠበት ዓምድ ሳይቀር አለ። እማዬ የድሮ ፊርማዋን አይታ አለቀሰች። የሁለቱ ዓመት አልተገኘም። አራትና አምስት ዘጠኝ ነው። 60 እስኪሞላት የሚቀረው ሁለት ዓመት ሲጨመር 11 ይሆናል።

ኤጀንሲው ላይ ግን ችግር አለ። የደሞዝ ወረቀቷ ላይ በየወሩ 7 በመቶ ተቆርጧል። ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ ስንጠይቅ የተወሰኑ ወራት ጎደሉ። "እናስተካክላለን" ይሉናል። መደበኛ ደሞዟም ሒሳብ ሹም እንደገመተው ከጠቅላላው ግማሽ እንኳን አይሆንም። ምን እናድርግ? አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ለመናገር ፈርተዋል።

ሒሳብ ሹም

የአራቱን ዓመት ሰነድ ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ በኮፒ ብቻ። ዋናው ለማመሳከሪያ ይታይ።

ኤጀንሲው መዋጮውን ደሞዝ በከፈለ በ30 ቀን ውስጥ ገቢ የማድረግ ግዴታ አለበት። ከሠራተኛዋ ቆርጦ መያዝ አይችልም። አቤቱታውን በቃል አታቅርቡ። በጽሑፍ፣ የጎደሉትን ወራት አንድ በአንድ ዘርዝራችሁ፣ የደሞዝ ወረቀቱን ኮፒ አያይዛችሁ ለማኅበራዊ ዋስትና ቅርንጫፉ አስገቡ። ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ያዙ። ሴቶቹ ለብቻ ለብቻ ከሚፈሩ በአንድ ደብዳቤ አብረው ይፈርሙ። በኋላ አገልግሎቷ ሲያዝ ወይም ጡረታው ሲወሰን ቅር ካላችሁ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ጉባኤ አለ።

ከሁሉ በላይ 60 ሳይሞላት ሥራውን እንዳትለቅ። ጉልበቷን ካመማት የሕመም ፈቃድ ትጠይቅ እንጂ መልቀቂያ አትጻፍ። ከ10 ዓመቱ በላይ ያላችሁ ትርፍ አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ዳኝነት

የቂርቆሷ፣ ደብዳቤውን ረቂቅ አድርገሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። አይቼ እመልስልሻለሁ። ክፍያ የለውም። የሌሎቹንም ሴቶች ስምና የቅጥር ቀን ሰብስቢ፤ በአንድ ላይ እናድርገው።